የጡት ካንሰር ሕክምና ካበቃ በኋላ፦ ክኒኑና ክንዱ

ኦፕራሲዮኑ፣ ኬሞውና ጨረሩ ሲያበቁ የጡት ካንሰር ሕክምና አለቀ ማለት አይደለም። ከጋሞ ዞን ተነስታ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ የታከመች ሴት ስትመለስ የቀረው ሥራ በራሷና በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ ላይ ይወድቃል።

1. ክኒኑ። ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፌን 20 ሚሊ ግራም በየቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዶች እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል። ሕመሙ ጠፋ ተብሎ ወይም ጸበል ስለተጀመረ አይቋረጥም፤ ጸበሉም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ። ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ያመጣል፤ በአርባ ምንጭ ቆላ ይህ ቀላል አይደለም። እየወሰዱት ማርገዝ አይገባም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር መመርመር ያስፈልጋል።

2. ክንዱ። የብብት የሊምፍ ዕጢዎች ሲወጡ ወይም ጨረር ሲያርፍባቸው ፈሳሹ መሄጃ ያጣል፤ ክንዱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል። በዚህ ክንድ ላይ የሚፈጸመው ነገር ያስቆጣል። በምላጭ ይበጣል፤ በዋግምት ደም ይፈስለታል። ያበጠው ግን ደም ተጠራቅሞ ስላልሆነ እብጠቱ አይጎድልም፤ የሚገባው ባክቴሪያ ነው። ከዚያ ትኩሳት ይመጣል። አገሩ የወባ አገር በመሆኑ ክንዱ ሳይታይ የወባ መድኃኒት ይታዘዛል። የወባ ምርመራው ይሠራ፤ እጅጌው ግን ይሰብሰብ! ክንዱ ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነ በዚያው ዕለት አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት።

«በዚያ እጅ ምንም አትሥሪ» የሚለው ምክርም ስሕተት ነው፤ የሚያሳዝነው ከባለሙያ አፍ ጭምር መሰማቱ ነው። እንሰት የምትፍቅ፣ ውኃ የምትቀዳ የጨንቻ ሴት በዚህ ምክር ኑሮዋን ታጣለች። በ2009 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በወጣ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች ተሳትፈዋል፤ ጫና የሚሰጥ እጅጌ ለብሰው፣ አሠልጣኝ እያያቸው፣ ክብደት ቀስ በቀስ ያነሱት እብጠታቸው አልባሰም፤ እብጠቱ የሚያገረሽባቸው እንዲያውም ቀነሱ። ስለዚህ ጥጥ መፍተል ቁስሉ እንደዳነ ይጀመራል፤ ፍቀቱና ሸክሙ ከጥቂት ተነስቶ እያደገ ይሄዳል፤ ክንዱ ከከበደ ይታረፋል።

እንክብካቤው ለጋሞ እንግዳ አይደለም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር ዝሆኔ የሚያክም ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፦ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ማንቀሳቀስ። የእግሩን የሚያውቅ እጅ እያለ የክንዱን ታካሚ ሪፈር ብሎ ወደ ሩቅ ከተማ መስደድ ድካምና ወጪ መጨመር ነው።

ችግሩ ታካሚዋ ከአዲስ አበባ ይዛው ከምትመለሰው ወረቀትም ይጀምራል። የትኛው ዕጢ እንደወጣ፣ ክኒኑ እስከ መቼ እንደሚወሰድ በማይነበብ እንግሊዝኛ ተጭሮ ለታካሚዋ ይሰጣል፤ ላኪው አይደውልም፣ ተቀባዩም አይጠይቅም። ከካምባ ወይም ከቦንኬ ወረዳ የመጣችን ሴት የአንድ ወር ክኒን ብቻ ሰጥቶ በየወሩ ማመላለስም ክኒኑን አቋርጪ ከማለት አይለይም።

ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወር፣ እስከ 5ኛው ዓመት በየ6 እስከ 12 ወር፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ነው። በጠባሳው ላይ አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ክንድ በድንገት ማበጥ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የደም መርጋት ወይም የካንሰሩ መመለስ ሊሆን ይችላል።