ጎማ ብቻውን የማይሸጥበት ጊዜ

አንድ ደምበኛ አስፋልትን አጥብቀው የሚይዙ አራት ጎማዎች ለቤት መኪናው ገዝቶ ከሄደ በኋላ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተመልሶ የጎማው ውጭኛ ጠርዝ ብቻ ተልጦ መካከሉ ግን እንደ አዲስ መቅረቱን ቢያሳይ፣ ባለሱቁ ጎማው የፋብሪካ ጉድለት ያለበት ይመስለዋል፤ አስመጪውም ወደ ፋብሪካው የቅሬታ ደብዳቤ ይጽፋል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎማው አይደለም። መካኒኮች ሰስፔንሽን በሚሉት ክፍል፣ ማለት በሞላው፣ በሾክ አብዞርበሩ፣ በጎሚኒውና በቴስቲናው ላይ ነው።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ክብደቱ 1,400 ኪሎ የሆነ መኪና በተራ ጎማ ኩርባ ሲዞር፣ ሳይንሸራተት ሊችለው የሚችለው የጎን ግፊት የክብደቱ 8 አሥረኛ፣ ማለት 1,120 ኪሎ ነው እንበል። ላስቲኩ ለስላሳ የሆነ ጎማ ሲገባለት ይኸው ግፊት ከክብደቱ ጋር እኩል ሆኖ 1,400 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። የተጨመረው 280 ኪሎ በአየር ላይ አይቀርም፤ በቸርኬው፣ በኩሽኔታው፣ በቴስቲናውና በጎሚኒው አልፎ እስከ ሻንሲው ይደርሳል። መኪናውም በዚያው መጠን አብልጦ ያዘነብላል፤ ቀድሞ 4 ዲግሪ ያዘነብል የነበረው አሁን 5 ዲግሪ ያዘነብላል ማለት ነው። በብዙ የቤት መኪናዎች እንደሚታየው የፊት እግሩ ማክፈርሰን በተባለው ዓይነት የተሠራ ከሆነ፣ አካሉ ባዘነበለ ቁጥር የውጭው ጎማ አብሮ ይጋደምና በጠርዙ ብቻ ይቆማል። ደምበኛው ለሰፊ ጎማ ከፍሎ በጠባቡ ይነዳል።

ይህን የተረዳ ሰው ወዲያው የሚያስበው እንግዲያው ሞላውን ሁሉ ማጠንከር ነው ብሎ ነው። አሳቡ ግን በታላቅ ፋብሪካ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በፈረንጅ አቆጣጠር ለ1984 ሞዴል ያወጣው ሸቭሮሌት ኮርቬት፣ ኢግል ቪ.አር.50 በተባለው የጉድይር ጎማ ላይ ቆሞ ለገበያ ቀረበ። የጎማው ጥርስ በዝናብ ጊዜ ለውድድር ከሚሠራ ጎማ የተወረሰ ሲሆን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር የተበጀ ስለ ነበረ የግራው ለቀኝ አይሆንም ነበር። በዋና መሐንዲሱ በዴቭ ማክሌላን የሚመሩት ባለሙያዎች የዚህን ጎማ ኃይል ሙሉ በሙሉ ለመጠቀም ሲሉ ከፋይበር ግላስ የተሠሩትን አግድም ባሌስትራዎች እጅግ ጠንካራ አደረጓቸው። መኪናው በኩርባ ላይ የክብደቱን 9 አሥረኛ ያህል የጎን ግፊት በመቻሉ ተደነቀ፤ በተራው መንገድ ላይ ግን መንገጫገጩ ብዙ ወቀሳ አመጣበት። ለ1985 ሞዴል ፋብሪካው የመደበኛውን መኪና ባሌስትራ ጥንካሬ በሩብ ያህል ቀነሰ። ዜድ 51 በሚል ስም ተጨማሪ ተከፍሎበት በሚታዘዘው ጠንካራ ዓይነት ላይ ደግሞ ባሌስትራውን አለስልሶ በምትኩ ስታቢላይዘሩን አወፈረ።

የዚህ ለውጥ ምሥጢር ለሻጭ የሚጠቅም ነው። ስታቢላይዘር የግራውንና የቀኙን እግር የሚያገናኝ ብረት ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድነት ጉብታ ሲወጡ ሥራ የለውም፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ግን ይጠመዘዝና ማዘንበሉን ይገታል። ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላ ግን በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ጎማውን ያዘልላል፤ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ላስቲኩ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን የሚይዘው ነገር የለውም። አስፋልቱ በተቦረቦረበት ከተማ ይህ የበለጠ ይገናል። መኪናቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞላውን የሚያስቆርጡ ሰዎች አሉ፤ ይህ ቁጠባ ሊባል አይገባም፤ የቀረው ሞላ መጫወቻ አጥቶ እግሩ ከአካሉ ጋር እየተጋጨ ሁሉንም ያበላሻልና።

ስለዚህ ጎማ ጠያቂ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታየው ያረጀው ጎሚኒና የላላው ቴስቲና ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ፣ በእጁ ያለውን መኪና አድሶ ለማቆየት የሚፈልግ ባለመኪና ይህን ምክር መስማቱ አይቀርም። ቀጥሎ ዘይቱ ያፈሰሰው ሾክ አብዞርበር ይለወጣል፤ ከዚያ ስታቢላይዘሩ ይታያል፤ ሞላ የመጨረሻው ነው፤ ሞላ ከተለወጠም ሾክ አብዞርበሩ ከአዲሱ ሞላ ጥንካሬ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። በመጨረሻም አላይመንት ይሠራል። ሁለት ጎማ ብቻ ገዝቶ በፊት በኩል ለማስገባት የሚፈልግ ደምበኛ ቢመጣ ባለሱቁ ሽያጩ ቢቀርበትም ሊከለክለው ይገባል፤ ፊቱ አጥብቆ ይዞ ኋላው ቀድሞ ሲንሸራተት መኪናው በኩርባ መካከል ዞሮ ይቆማል፤ ይህም በዝናብ ቀን የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

አስመጪው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት በጎማው ጎን የታተመውን ማንበብ ይጠቅመዋል። በአሜሪካ ሥርዓት ትሬድዌር የሚባለው ቁጥር 200 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ላስቲኩ ለስላሳ፣ ዕድሜውም አጭር ነው፤ 500ና ከዚያ በላይ የሆነው ለረጅም መንገድ የታሰበ ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ስለ ሆነ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር ማመዛዘን አያስተማምንም። ትራክሽን የሚለው ፊደል ደግሞ በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆምን ኃይል ብቻ ያሳያል፤ ስለ ኩርባ የሚናገረው ነገር የለም። ለስላሳ ላስቲክ በመጋዘንም ውስጥ እየደረቀ ስለሚሄድ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ካሉት ምልክቶች የመጨረሻዎቹ 4 አኃዞች መታየት አለባቸው፤ 2324 ቢል በፈረንጅ አቆጣጠር በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው።