ቻትቦት ሲሳሳት፦ ያልተነበቡ ማስጠንቀቂያዎች

አንድ ተማሪ በሴሚስተሩ አጋማሽ ታመመ እንበል። ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት ለማወቅ፣ የሬጅስትራር ጥያቄዎችን እንዲመልስ የተሠራ ቻትቦት ከፍቶ «ታምሜአለሁ፣ ትምህርት ማቋረጥ እፈልጋለሁ» ሲል ይጽፋል። ቻትቦቱም ወዲያውኑ «ኮርስ ድሮፕ ለማድረግ የአድ-ድሮፕ ቅጽ ይሙሉ» ይለዋል። መልሱ በሥርዓት የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ተማሪው የጠየቀው ሴሚስተሩን በሙሉ ስለማቋረጥ፣ በግቢ አነጋገር ስለ ዊዝድሮው ነበር። የዊዝድሮው ቅጽ ሳይሞላ ቢሄድ በሚቀጥለው ዓመት ዳግም ለመግባት ሲያመለክት ሊቸገር ይችላል።

እንዲህ ያለው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ አይደለም። ፕሮግራሙ በሚሠለጥንበት ጊዜ በማስጠንቀቂያ መልክ አስቀድሞ ብቅ ይላል። ሆኖም ማስጠንቀቂያ እንደ ስህተት መልእክት ሥራውን ስለማያስቆም፣ ሠሪው ሳያነበው ያልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ የማስጠንቀቂያዎቹን ዋና ዋና ዓይነቶች፣ መንሥኤያቸውንና መፍትሔያቸውን እንመለከታለን።

ዓላማን መለየት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1966 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ጆሴፍ ዋይዘንባውም ያስተዋወቁት ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ከሰው ጋር በጽሑፍ ይነጋገር ነበር። ኤላይዛ ቁልፍ ቃላትን እየፈለገ በተዘጋጁለት ደንቦች መሠረት ይመልስ እንጂ ከምሳሌ አይማርም ነበር። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ቻትቦቶች ግን የጠያቂውን ዓላማ የሚለዩት ከምሳሌዎች ተምረው ነው። ሠሪው ለእያንዳንዱ ዓላማ ስም ይሰጣል፤ በሥሩም ሰዎች ሊጽፏቸው የሚችሉ ዓረፍተ ነገሮችን ይደረድራል። ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገሮቹን ወደ ቁጥሮች ለውጦ አንዱን ዓላማ ከሌላው የሚለየውን ያጠናል።

አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ለእያንዳንዱ ዓላማ የእርግጠኝነት መጠን ይሰጣል፤ የመጠኖቹም ድምር ብዙውን ጊዜ 1 ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። ጥያቄው ከተዘጋጁት ዓላማዎች አንዱንም ባይመለከት እንኳ 1 ለእነዚያው ዓላማዎች መከፋፈሉ አይቀርም። ስለዚህ ከፍተኛውን መጠን ያገኘው ዓላማ ሁሉ ትክክለኛው ዓላማ ነው ማለት አይደለም።

የማስጠንቀቂያ ዓይነቶች

የመጀመሪያው የምሳሌ ማነስ ነው። ራሳ የተሰኘው የቻትቦት መሥሪያ ሶፍትዌር አንድ ዓላማ ከ2 ያነሱ ምሳሌዎች ሲኖሩት ያስጠነቅቃል። ይህ ግን ዝቅተኛው ወሰን እንጂ በቂው መጠን አይደለም። ስለ ክፍያ 200፣ ስለ ዊዝድሮው 3 ምሳሌ የተሰጠው ፕሮግራም ወደ ክፍያ ቢያደላ ሊያስደንቀን አይገባም። መፍትሔው አንዱን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ማባዛት ሳይሆን የተለያዩ ሰዎች በየራሳቸው አነጋገር የሚጽፉትን መሰብሰብ ነው።

ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ የሆነው መደራረብ ነው፤ ያው ዓረፍተ ነገር በሁለት ዓላማዎች ሥር ሲገኝ ይከሠታል። «ማቋረጥ እፈልጋለሁ» የሚለው በድሮፕም በዊዝድሮውም ሥር ከተጻፈ፣ ፕሮግራሙ የሚማረው እርስ በርሱ የሚጋጭ ትምህርት ነው። የመግቢያችን ተማሪ የተሳሳተ መልስ ያገኘውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አባባሉ በእርግጥ ለሁለቱም የሚሆን ከሆነ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ዓላማ ይደረግና መልሱ ጥያቄ ይሁን፦ «ማቋረጥ የፈለጉት አንድ ኮርስ ነው ወይስ ሙሉውን ሴሚስተር?»

ሦስተኛው የስም አለመጣጣም ነው። በዝርዝሩ ላይ የተመዘገበ ዓላማ በሥልጠና ምሳሌዎቹ ውስጥ ሲታጣ ይታያል። ብዙውን ጊዜ መንሥኤው የፊደል ግድፈት ስለሆነ ሁለቱን ስሞች ማስተያየት ይበቃል።

አራተኛው በፈተና ጊዜ የሚታይ ነው። የአንድ ዓላማ ትክክለኝነት የሚሰላው በትክክል የተመደቡትን ጥያቄዎች ወደዚያ ዓላማ ለተመደቡት ሁሉ በማካፈል ነው። ፕሮግራሙ አንድም ጥያቄ ወደ ዓላማው ካልመደበ ስሌቱ 0 ለ0 ማካፈል ይሆናል፤ ይህም ትርጉም የለውም። ስለዚህ ውጤቱ «አልተወሰነም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ያ ዓላማ በፈተናው አንድም ጊዜ አልተመረጠም ማለት ነው።

ገደቡን ዝቅ ማድረግ ይበጃልን?

ራሳ ፕሮግራሙ ሲጠራጠር ከመመለስ እንዲቆጠብ የሚያደርግ ክፍል አለው። ሠሪው ካልለወጠው በቀር ዝቅተኛው የእርግጠኝነት ገደብ 0.3፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ዓላማ መካከል ሊኖር የሚገባው ልዩነት ደግሞ 0.1 ነው። ለምሳሌ ሦስት ዓላማዎች 0.41፣ 0.33 እና 0.26 አገኙ እንበል። የመጀመሪያው ከ0.3 ቢበልጥም ከሁለተኛው ያለው ልዩነት 0.08 ብቻ ስለሆነ ቻትቦቱ «አልገባኝም» ይላል። ይህ መልስ ሲደጋገም የሚሰለች ሠሪ ገደቦቹን ዝቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ ቻትቦቱ መናገሩን ይቀጥላል፤ ዕውቀቱ ግን አልጨመረም።

የአማርኛ ጣጣዎች

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ «ዓመት» እና «አመት» ለኮምፒውተር ሁለት ቃላት ናቸው። ስለዚህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ይጠቅማል፤ ይህም በሥልጠናም በአገልግሎትም ጊዜ እኩል መፈጸም አለበት።

ሁለተኛ፣ «ከፈልኩ»፣ «የከፈልኩት» እና «አልከፈልኩም» በሙሉ ቃል ሲታዩ የማይገናኙ ናቸው። ቃሉን እስከ አራት ፊደል ባላቸው ቁርጥራጮች ከፍሎ የሚያይ ስልት ግን «ከፈልኩ» የሚለውን የጋራ ክፍል ያገኛል። ይሁንና ስልቱ ወሰን አለው። በፊደላችን አናባቢው ሲለወጥ ፊደሉ ራሱ ስለሚለወጥ፣ «ከፈለ» እና «ይከፍላል» የሚጋሩት «ከ»ን ብቻ ነው። በሌላ በኩል «ከፈልኩ» እና «አልከፈልኩም» ብዙ ፊደል ቢጋሩም ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የግሱ ልዩ ልዩ እርባታዎችም ሆኑ አሉታዊ አነጋገሮች በምሳሌዎቹ ውስጥ መገኘት ይኖርባቸዋል።

ማጠቃለያ

ማስጠንቀቂያ ሲገጥማችሁ በመጀመሪያ የፕሮግራሙን ኮድ ሳይሆን የሰጣችሁትን ምሳሌ መርምሩ። ከምሳሌዎቻችሁ ከመቶ 80 ያህሉን ለሥልጠና፣ ቀሪውን ለፈተና ለዩ፤ የትኛው ዓላማ ከየትኛው ጋር እንደሚምታታም በሠንጠረዥ አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቻትጂፒቲ ይፋ ከሆነ ወዲህ በስፋት የታወቁት ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎችም ቢሆኑ ከዚህ ፈተና ነፃ አያወጡንም፤ ድሮፕና ዊዝድሮው በምን እንደሚለያዩ በግልጽ መወሰን አሁንም የሠሪው ድርሻ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ማስጠንቀቂያም ፕሮግራሙ በሽታውን የሚናገርበት አንደበት ነውና ዝም ከማሰኘታችን በፊት እናድምጠው።