ከዓባይ በረሃ እስከ ሳነቴ፦ ባለ ግርማዎቹ የናፍጣ መኪኖች

ከጎሐ ጽዮን ወጣ እንዳሉ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርደው በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ነው የአንድ መኪና እውነተኛ ጨዋነት የሚታወቀው፤ በከባድ ማርሽ ተይዞ ፍሬን ሳያበዛ፣ ጋቢና ውስጥ የተጀመረውን ወግ ሳያቋርጥ፣ ተሳፋሪውን ከወንበሩ ሳያንገላታ ሲወርድ። በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ የደጀንን ዳገት ሲያያዘው ደግሞ የናፍጣ ሞተር ውበት ይገለጣል፤ ጩኸት የማያበዛ፣ በዝቅተኛ ዙር የሚፈልቅ፣ የማይቸኩል ጉልበት።

አገራችንን በመኪና መጎብኘት ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ከሚለው የደናክል ምድር ተነሥቶ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ እስከ መድረስ ይሰፋል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ቱሉ ዲምቱ በሚገኝበት በሳነቴ አምባ ላይ፣ ጅብራው በጉም መሐል ቆሞ በሚታይበት በዚያ አስደናቂ ስፍራ፣ መኪናው እንደ ልብዎ እንዲታዘዝዎ የሚያደርገው የሳሳውን አየር አምቆ ለሞተሩ የሚያቀብለው ቱርቦ ነው። ለዚህም ነው ምርጫው ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ካላቸው መኪኖች የሚጀምረው።

ሁላችንም «ቪ ኤይት» እያልን የምንጠራው ላንድክሩዘር 200 እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 የተመረተ ሲሆን፣ በኮፈኑ ሥር ባለ ስምንት ሲሊንደር 4.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ተሸክሟል። መንታ ቱርቦዎቹ ከ600 ኒውተን ሜትር በላይ የመጎተት ኃይል ይሰጡታል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ዓይን የማያየው ጥበቡ ነው። በከፍተኛ ደረጃ ሞዴሎቹ ላይ ያለው የሃይድሮሊክ ሥርዓት አስፋልት ላይ አካሉን ቀጥ አድርጎ ይይዝና፣ ድንጋያማ መንገድ ሲገባ እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን እየተከተለ እንዲወርድና እንዲወጣ ይለቀዋል። በጠንካራ ሻንሲ ላይ የታነጸ በመሆኑ ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳንና ሁለት ስኮርታ ጎማ ቢጫንበትም አይጨነቅም። ዋናውና ተጠባባቂው ሰልባትዮ ደግሞ በአንድነት 138 ሊትር ናፍጣ ይይዛሉ፤ ማደያዎች በሚራራቁበት በኦሞ ሸለቆ ይህ ራሱ ቅንጦት ነው።

ተቀናቃኙ ላንድሮቨር ዲፌንደር ሌላ ዓይነት ውበት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ መልክ ሲቀርብ የቀድሞውን ሻንሲ ትቶ፣ ክብደቱን በሙሉ ራሱ በሚሸከም የአልሙኒየም አካል ነበር የመጣው። የአየር ሰስፔንሽኑ እንደ መንገዱ ሁኔታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ 90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃም ይሻገራል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩና 300 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር እንደ ሐር የለሰለሰ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ አቅጣጫ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ለሚደረግ ጉዞ ከዚህ የተሻለ ምቾት አልመኝም። ሆኖም ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው የናፍጣ ዲፌንደር የሰልፈር መጠኑ ዝቅ ያለ ነዳጅና አድብሉ የተባለውን ፈሳሽ ይሻል፤ በኦሞ ሸለቆዋ ቱርሚ ላይ ሆኖ ይህን መፈለግ የጉዞን ደስታ ይሰርቃል። የአየር ሰስፔንሽኑ ቢያስቸግር ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል፤ ላንድክሩዘሩን ግን ጎንደርም ሆነ አርባ ምንጭ እጁ የሠለጠነ መካኒክ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ የሚሠራው መርሴዲስ ጂ ክላስ በሦስት ዲፈረንሻል መቆለፊያዎቹ ታላቅነቱ አያጠያይቅም፤ ለረጅም የቤተሰብ ጉዞ ግን የኋላ ወንበሩና የዕቃ ቦታው ከላንድክሩዘሩ ይጠብባል። ባለ አራት ሲሊንደሩ ፕራዶ በበኩሉ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ለጠባብ መንገድ የተመቸና ጨዋ ነው፤ ለሁለት መንገደኞች ከበቂ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ምርጫው አገር ውስጥ ባሉት መካከል ሆኗል፤ በጥንቃቄ የተያዘ መኪናም እንደ ቅርስ የሚታይበት ዘመን ላይ ነን። ስለዚህ በቀለሙ ድምቀት ብቻ አይማረኩ። መኪናውን በክሪክ ከፍ አስደርገው ሻንሲውን ከሥር ይመልከቱ፤ የአየር ማጣሪያውን አስከፍተው አቧራ አልፎ እንደሆነ ይዩ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ በጠዋት ሲነሣ የሚያወጣውን ጭስ ያስተውሉ፤ የጥገና መዝገቡን ይጠይቁ። እነዚህን ፈተናዎች ያለፈ የናፍጣ ላንድክሩዘር 200 ካገኙ፣ ዲፌንደሩን ለከተማ ወዳጆችዎ ትተው እርሱን ይግዙ።