መስታወት፣ ሲሚንቶና ጭቃ፦ የአዲስ አበባን አዳዲስ ሕንፃዎች በግድግዳቸው መተዋወቅ

የአዲስ አበባን አዳዲስ ሕንፃዎች ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፎቃቸውን ከሚቆጥር ግድግዳቸውን ቢመረምር የበለጠ ይማራል። ቁመቱማ ከሩቅም ይታያል። የካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ቁመት ይዞ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን ሕንፃዎች ሁሉ ቁልቁል ያያል። የገነባው የቻይናው ሲኤስሲኢሲ ነው፤ ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃም የሠራው ይኸው ድርጅት ነው። የኅብረቱ ሕንፃ ቁመት 99.9 ሜትር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ኅብረቱን ለመመሥረት በሊቢያዋ ሲርት ከተማ ውሳኔ የተላለፈበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. 9/9/1999ን፣ እንዲያስታውስ ተብሎ ነው። የቆመበት ቦታም የራሱ ታሪክ አለው፤ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት የነበረበት ነው።

ሁለቱም ግርማ አላቸው፤ ይህን አልክድም። የባንኩ ሕንፃ ማዕዘን ማዕዘን እየሆነ የተቀረጸው መስታወት ብርሃኑ በተለዋወጠ ቁጥር መልኩን ይለውጣል። የሚያሳስበኝ ከእነሱ ይልቅ መስታወትን የሥልጣኔ ምልክት አድርገው የተከተሉት፣ በየመንገዱ ዳር የበቀሉት የንግድ ሕንፃዎች ናቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀኗ ለስለስ ያለ፣ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ቤት በወጉ ከተሠራ ማቀዝቀዣም ማሞቂያም ሳያስፈልገው ይኖርባታል። እንዲህ ያለ ጸጋ የታደሉ ዋና ከተሞች ብዙ አይደሉም። ከምድር ወገብ ስለማትርቅ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ትወጣለች፤ ስለዚህ ግድግዳን አብዝታ የምትመታው ጠዋት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በምዕራብ በኩል ነው። ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሙሉ መስታወት ከሰዓት በኋላ ብርሃኑንም ሙቀቱንም ያስገባል፤ ያስገባውን ሙቀት ግን በቀላሉ አያስወጣም። በብዙ ባለመስታወት ሕንፃዎች መጋረጃው ተጎትቶ፣ መስታወቱ ላይ ካርቶን ወይም ወረቀት ተለጥፎ፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቶ የምታዩት ለዚህ ነው። ብርሃን ያስገባ ተብሎ በውድ ዋጋ የተገዛ መስታወት በካርቶን ሲደፈን ማየት ያሳዝነኛል።

ልደታ ያለውን ልደታ መርካቶ የተባለውን የገበያ ማዕከል ከሁሉ አስበልጬ የምወደውም በዚህ ምክንያት ነው። የነደፈው የባርሴሎናው አርክቴክት ሻቪየር ቪላልታ ነው። ቪላልታ በከተማዋ የተለመደውን ባለመስታወት የገበያ ሕንፃ መልሶ መሥራት አልፈለገም፤ በ2005 ዓ.ም. በቴድ መድረክ ባደረገው ንግግርም ስለዚህ ሥራ ተናግሯል። ሕንፃውን በመስታወት ፋንታ ቀድመው በተዘጋጁ ቀላል የኮንክሪት ገበታዎች አለበሰው። ገበታዎቹ የተበሱ ናቸው። ቀዳዳዎቹ ደግሞ እንዲሁ ለጌጥ የተበተኑ አይደሉም፤ ንድፋቸው ከሴቶች የአገር ልብስ የተወሰደ ነው። ጥለትና ጥልፍ አስተውላችሁ ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ቅርጽ በውስጡ ያንኑ ቅርጽ አሳንሶ ይደግማል፣ ትንሹም እንደገና ሌላ ትንሽ ይይዛል። የሒሳብ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ፍራክታል ይሉታል። እዚህ ይኸው ንድፍ ከጨርቅ ወጥቶ ግድግዳ ሆኗል።

ነገሩ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩበት። በእነዚያ ቀዳዳዎች ንፋስ ይገባል፤ በገላጣ ገበያ እንደለመድነው አየሩ ይንቀሳቀሳል። ብርሃኑም ተከፋፍሎ፣ ተለዝቦ ነው የሚገባው። ኮንክሪቱ ለራሱም ለውስጡም ጥላ ይሆናል። በሌሎቹ ሕንፃዎች ለማሽን የተተወውን ሥራ እዚህ ግድግዳው ራሱ ይሠራዋል። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የአገሬውን ልብስ አገላብጦ አይቶ እዚህ ከደረሰ፣ ልብሱን እየለበስን ያደግነው እኛ ከዚህ ርቀን ልንሄድ እንችላለን ብዬ አምናለሁ።

መስታወትን በጅምላ የምነቅፍ እንዳይመስል ግን አፍሪካ አዳራሽን ላንሳ። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም እዚያው ነው። መግቢያው ላይ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። መስታወት ቦታውን ሲያገኝ እንዲህ ያምራል። አዳራሹ ረጅም እድሳት ተደርጎለት ጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

ወደ መካኒሳ ስንሻገር ደግሞ ዞማ ሙዚየምን እናገኛለን። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ መሥርተውት በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ቤት ሲሠሩ በእግራቸው ያቦኩት ያው ጭቃ። ላዩ ላይ የሚጠማዘዙና የሚጠላለፉ ቅርጾች ጎላ ብለው ወጥተዋል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ጭዱ ከጭቃው ውስጥ ብቅ ብቅ ይላል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ እያለ ይጠጣና ማታ መልሶ ይሰጣል፤ ሌሊቷ ለሚቀዘቅዝ ከተማ ከዚህ የሚስማማ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ጭቃ ጠላቱ ውኃ ነው። ለዚህም አያቶቻችን መልስ ነበራቸው፦ ከሥር የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ፣ በየጊዜውም ምርጊት። የድሃ ቤት እየተባለ ሲናቅ የኖረው ጥበብ ዛሬ በዋና ከተማዋ ሙዚየም ሆኖ መቆሙ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ባንኮች በጭቃ ይሠሩ እያልኩ አይደለም። ሕንፃ የምታሠሩ ግን አርክቴክታችሁን ስለ መስታወቱ ቀለም ከመጠየቃችሁ በፊት በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ጥላ ከየት እንደሚያገኝ ጠይቁት። ሱቅ ወይም ቢሮ ልትከራዩ የምትፈልጉም ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ በበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂዱና ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ቁጭ በሉበት።