የተጣለ ቆዳ በ15 ሙከራ
የበግና የፍየል ቆዳ ገዢ አጥቶ ሲጣል እናያለን። ከዚያ ቆዳ ግን ለከረሜላና ለመድኃኒት እንክብል ሽፋን የሚሆን ጄላቲን ይወጣል።

ቆዳው በአሲድ ወይም በኖራ ተዘፍዝፎ በሙቅ ውሃ ይቀቀላል። ሙቀቱ ካነሰ ምርቱ ያንሳል፤ ከበዛ የመርጋት ኃይሉ ይደክማል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። አሲዱ፣ ሙቀቱና ሰዓቱ እርስ በርስ ስለሚነካኩ፣ አንዱን ብቻ እየቀያየሩ መሞከር ያሳስታል።

ሦስቱን በሦስት ሦስት ደረጃ አንድ በአንድ ለማዳረስ 27 ሙከራ ይጠይቃል። ቦክስና ቤንከን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጡት ንድፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ15 ይጨርሰዋል፤ 12ቱ የተለያዩ፣ 3ቱ የመሃሉ ድግግሞሽ ናቸው።

ከፋብሪካ ጋር ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ፦ ከኪሎ ቆዳ ስንት ግራም ይወጣል? የመርጋት ኃይሉስ? ቆዳውንም እንደተገፈፈ ጨው አልብሱት፤ የበሰበሰውን የትኛውም ንድፍ አያድነውም።