ስለ ኦጂብዌ ሕዝብ ምልክትና ቋንቋ

በሰሜን አሜሪካ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ፥ ከፊሉ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከፊሉም በካናዳ፥ ኦጂብዌ የተባለ ሕዝብ ይኖራል። ሕዝቡ ራሱን አኒሺናቤ ብሎ ይጠራል፤ ቋንቋውም ከአልጎንኪያን ቋንቋዎች አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሕዝቡን ምልክቶች ለመዘርዘር ሳይሆን፥ ምልክቱ ትርጉም የሚያገኘው ከዝምድናና ከቋንቋ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦጂብዌዎች ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ጎሣ ይከፈላሉ። ጎሣው ዶዴም ይባላል፤ በኢትኖሎጂ መጻሕፍት የታወቀው ቶተም የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ነው። እያንዳንዱ ዶዴም በአውሬ፥ በወፍ ወይም በዓሣ ይሰየማል። የአንድ ዶዴም ሰዎች መንደራቸው ቢራራቅም እንደ ወንድምና እኅት ስለሚተያዩ፥ በልማዱ እርስ በርሳቸው አይጋቡም።

የምልክቱ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው የሱፒርየር ሐይቅ አለቆች በ1849 ወደ ዋሺንግተን ይዘውት በሄዱት አቤቱታ ነው። አቤቱታው በአገራቸው እንዲኖሩ የሚለምን ሲሆን፥ በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ በሥዕል የቀረበ ነበር። ከፊት ሽመላ የሚመስለው ክሬን የተባለ ወፍ ይሄዳል፤ ከኋላው ድብ፥ ዓሣና ሌሎችም ይከተሉታል። ከተከታዮቹ ዓይን ወደ ክሬኑ ዓይን፥ ከልባቸውም ወደ ልቡ መሥመር ተስቧል፤ ይኸውም ሁሉም በአሳብና በስሜት አንድ መሆናቸውን ያመለክታል። ሌላ መሥመር ደግሞ የዱር ሩዝ ወደሚበቅልባቸው ትናንሽ ሐይቆች ይደርሳል፤ የሚለምኑት ይህንኑ ምድር ነውና። ሆኖም በ1850 መንግሥት እንዲለቁ አዘዘ፤ በዚያም ክረምት በሳንዲ ሐይቅና በመልስ ጉዞ በራብ፥ በበሽታና በብርድ ብዙ መቶ ሰዎች አለቁ። ሪዘርቬሽን የሚባለው የተከለለ ምድር የተወሰነላቸው በ1854 ውል ነው፤ ከነዚሁም አንዱ በዊስኮንሲን ያለው ላ ኩት ኦሬይ ነው።

ቋንቋውን ስንመለከት፥ ስሞች በአማርኛ በተባዕትና በአንስት እንደሚለዩ ሁሉ በኦጂብዌ ሕያውና ግዑዝ ተብለው ይለያሉ። ሚቲግ የሚለው ቃል ዛፍም እንጨትም ማለት ነው። ዛፍ ሲሆን ሕያው ስለሆነ ብዙ ቍጥሩ ሚቲጎግ፥ እንጨት ሲሆን ግን ሚቲጎን ይሆናል። ግሡም አብሮ ይለወጣል፤ ዛፍ ያየ ሰው «ኒዋባማ»፥ እንጨት ያየ ግን «ኒዋባንዳን» ይላል። ከበሮ፥ ፒፓና ድንጋይ ከሕያዋን ወገን ናቸው። ይሁን እንጂ ሰዋስው ብቻውን የእምነት ማስረጃ አይሆንም፤ ራስቤሪ ሕያው ሲባል ስትሮቤሪ ግዑዝ ነውና። ሃሎዌል የተባለው ሊቅ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ እንደሚተርከው፥ ድንጋዮች ሁሉ ሕያዋን እንደ ሆኑ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅ፥ ሽማግሌው ብዙ ካሰበ በኋላ አንዳንዶቹ ብቻ መሆናቸውን ነገረው። እንዲህ ያለው ረቂቅ ልዩነት በትርጉም ሲያልፍ በቀላሉ ይጠፋል።

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በአዳሪ ትምህርት ቤት እንዲያድጉ ተደረገ፤ በቋንቋቸው የተናገሩም ይቀጡ ነበር። በላ ኩት ኦሬይ ደግሞ በ1923 የተሠራ ግድብ መንደርና የዱር ሩዝ የሚለቀምበትን ውሃ አጥለቀለቀ። ቋንቋው ከልጆች አፍ፥ ሥራውም ከሐይቁ እንዲህ ተወሰደ።

በዚሁ ሪዘርቬሽን በ2001 ሕፃናት ትምህርታቸውን በኦጂብዌ ቋንቋ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ስሙ ዋዶኮዳዲንግ ነው። ቃሉ «ዊዶኮዳዲወግ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን፥ ይህም በአማርኛ «ይረዳዳሉ» እንደ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው አናባቢ ሲለወጥና መጨረሻው ሲለይ «የሚረዳዱበት ስፍራ» ይሆናል። ስሙም ሥራውን ይገልጻል፤ ቋንቋውን ከልጅነታቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ቃሉን ይሰጣሉ፥ በኋላ የተማሩት መምህራን ለሂሳቡና ለሳይንሱ ያሰናዱታል፥ ልጆቹም ስኳር ከሚገኝበት የዛፍ ፈሳሽና ከዱር ሩዝ ለቀማ ጋር ይማሩታል። አንዱ ወገን ቢጎድል ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

በ1849 ሥዕል ላይ ልብን ከልብ ያያያዘው መሥመርና የዚህ ትምህርት ቤት ስም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። መዝገበ ቃላት ቃሉን ይጠብቃል፤ ቋንቋውን የሚያኖረው ግን የሚረዳዳ ሕዝብ ነው።