ልጃችን ፍልስፍና ልታጠና ነው

ልጃችሁ ከዩኒቨርሲቲ ደውላ «እማዬ፣ ዲፓርትመንት መረጥኩ፤ ፍልስፍና ነው» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ? እኔ መልስ አጣሁ። ኮምቦልቻ ገበያ መሀል ዘንቢሌን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ፣ የመጋቢ ሚስት ነኝ፣ የሰው ልጆችንም እመክራለሁ። በዚያች ሰዓት ግን የታየኝ ልጄ ከእምነት ስትወጣ ብቻ ነበር።

ልጃችን የምትማረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለአዲስ ገቢዎች በጋራ የሚሰጠውን ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ስትወስድ ልቧ እዚያው ቀረ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «በዚህ ቤት ይህ ወሬ ዳግመኛ እንዳይነሣ» አለ። እኔም በዝምታዬ ተስማማሁ።

ለእረፍት መጣች። ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ዘመረች፤ ጥያቄ ግን አልጠየቀችም። አንድ ማታ ሲኒ እያጠብን ሳለ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ፣ ዶርም ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ስለ እግዚአብሔር እስከ እኩለ ሌሊት እናወራለን። ስለ እርሱ ማውራት የማልችለው እዚህ ቤት ብቻ ነው።»

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሣኝ። የመጋቢ ቤት ስለ እግዚአብሔር የማይጠየቅበት ቤት ሆነ ማለት ነው!

በእርግጥ የሚማሩት ምንድን ነው?

የፈራሁትን ነገር ጠጋ ብዬ ለማየት ወሰንኩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሃይማኖት አይሰብክም፤ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። እኔ በኮሌጅ የተማርኩት ነገረ መለኮት ከእምነት ተነሥቶ እምነትን ያብራራል። የሃይማኖት ጥናት ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ምን ያምናሉ? ለምን?» ብሎ እምነቶችን ጎን ለጎን ያያል። ፍልስፍና «ምክንያትህ ያስኬዳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ወንጌልን ከፍልስፍና መምህር የምንጠብቅ ከሆነ የተሳሳትነው እኛ ነን።

ልጄ ከምታነባቸው አንዱ የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ክላውድ ሰምነር በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ አሳትመው ይህን ሥራ ለዓለም አስተዋውቀዋል። በሐተታው እንደተተረከው፣ ዘርዓ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ሸሽቶ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በዚያም «ሁሉም የራሴ ሃይማኖት እውነት ነው ይላል፤ ታዲያ ማን ይፈርዳል?» የሚለውን መረመረ። ኋላም ኂሩት የምትባል አገልጋይ አግብቶ ባልና ሚስት እኩል መሆናቸውን ጻፈ። ድርሰቱ በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረው የጣሊያናዊው ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ምሁራን ስላሉ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። በመደምደሚያው ሁሉ አልስማማም። ጥያቄው ግን የልጄ ጥያቄ ነው።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ያሳደጉኝ ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። እርሳቸው ከእናታቸው ተቀበሉ፤ እኔም ከእናንተ። ታዲያ እምነቴ የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

የቦሩ ሜዳ ትምህርት

ወሎዬ ለሆነ ሰው ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ጠርተው የሃይማኖቱን ክርክር በንጉሥ ፍርድ ዘጉት። ለወሎ ሙስሊሞችም ተጠመቁ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ሌሎች ተሰደዱ፣ ሌሎችም አመፁ። ከተጠመቁትም በልባቸው እንደነበሩ የቀሩ ብዙ ናቸው። ትእዛዝ ስም ይለውጣል፤ ልብን ግን አይለውጥም። ባለቤቴና እኔ ሳሎናችን ውስጥ ትንሽ ቦሩ ሜዳ አቋቁመን ነበር።

ጌታችንስ በ12 ዓመቱ በመቅደስ ሲገኝ መምህራንን እየሰማ ይጠይቃቸው አልነበረምን? (ሉቃ. 2፥46)። በፍልስፍና እንዳንማረክ ያስጠነቀቀው ጳውሎስ (ቆላ. 2፥8) በአቴና ከኤፊቆሮስና ከኢስጦይክ ፈላስፎች ጋር ተነጋግሯል፤ ከባለቅኔዎቻቸውም ጠቅሷል (ሐዋ. 17)። ማስጠንቀቂያው አለ፤ ሽሽት ግን የለም።

ከዚያ በኋላ

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴና ልጃችን አብረው ወደ ደሴ ወጡ። ዳገቱን ሲወጡ እርሱ «እስቲ የምታነቢውን ንገሪኝ» አላት። ማታ ሲመለሱ መጽሐፉ በእርሱ እጅ ነበር። አሁን ሲደዋወሉ ይከራከራሉ። አንዳንዴ «ይህን አላውቀውም፤ አንብቤ እመልስልሻለሁ» ሲላት እሰማለሁ። ከብዙ ስብከቱ ይልቅ ያች ቃል ልጄን ያቀረበቻት ይመስለኛል። ጥያቄዋ ሁሉ አልተመለሰም። የቤተሰብ ጸሎት ላይ ግን ተራዋ ሲደርስ ዝም አትልም።

እናንተ ባልና ሚስት ሆይ፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያመጣ አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ተነጋገሩ፤ አንዱ ሲቆጣ ሌላው በስውር የሚያባብል ከሆነ ልጁ ይከፈላል። ከመመለሳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙት። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። በግቢው ካለው የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ጋር አገናኙት። የእንጀራውንም ነገር በግልጽ ተወያዩበት፤ በፍልስፍና ዲግሪ ሥራ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ልጃችን ራሷ ታውቃለች። ከሁሉም በላይ ጸልዩለት፤ በፊቱ ለመገሠጽ ሳይሆን በስውር።

ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በየዋህነት መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን ይመክረናል (1ጴጥ. 3፥15)። «ለሚጠይቁን ሁሉ» ሲባል የገዛ ልጆቻችንም ይገኙበታል። ጌታ ቤታችሁን ጥያቄ የማይፈራ ቤት ያድርገው። አሜን።